ሴሉ የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው

ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ አጥንት ወይም የደም ሥር ስለ መሥራት ስናነብ ብዙ ጊዜ የሚነገረን ስለ ዕቃው ነው። ከምን ተሠራ? ምን ያህል ይጠነክራል? በስንት ወር ይሟሟል? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሴሉ ግን አብዛኛውን ይህን በቀጥታ አያይም። የሚነካው የዕቃውን ላይ ብቻ ነው። ላይ የምለው ደግሞ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር የሆነውን ገጽ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ናት። ሴሉ ተደላድሎ ይባዛል ወይስ ሳይጣበቅ ይሞታል የሚለው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያች ስስ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህች ስስ ቦታ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እምብዛም አይገኝም። አንዱ የመጻፌ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ባሕር ዳር ናት። የዕቃን ገጽ ማከም ከድሮም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ነው። ይህች ከተማ ደግሞ ያን ሙያ ከ60 ዓመት በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አገር ያለ ሳይንስ ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከችግሩ እንነሳ። አንድ ሕፃን ምድጃ ላይ ወደቀ እንበል። ወይም የፈላ ውሃ ተደፋበት። ቃጠሎው ጥልቅ ከሆነ ቆዳው ራሱን አይተካም። ሐኪሞች ከጭኑ ስስ ቆዳ ልጠው ቁስሉ ላይ ይተክላሉ። ቃጠሎው ትንሽ ሲሆን ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። የሰውነቱ ግማሽ ሲቃጠል ግን የሚላጥ ጤነኛ ቆዳ ያጥራል። በአደጋ የጎደለ አጥንት፣ ያለቀ የጉልበት ልም አጥንት፣ የተዘጋ የደም ሥርም ላይ ያው እጥረት አለ። ከራስ የሚወሰደው ያልቃል። ከሌላ ሰው የሚመጣውን ደግሞ ሰውነት ይዋጋዋል።

የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስና ለዚህ እጥረት መልስ ለመስጠት የተነሳ መስክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬሚካል መሐንዲሱ ሮበርት ላንገርና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጆሴፍ ቫካንቲ የመስኩን ሐሳብ በአንድ ጽሑፍ ሰብስበው አስቀመጡት። አሠራሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። በቀዳዳ የተሞላ፣ ስፖንጅ መሰል ነገር ይሠራል፤ ወይም በጣም ቀጫጭን ክሮች ተደራርበው ይነጠፋሉ። ይህ ስካፎልድ ይባላል። ሴሎች ይዘሩበታል። አንዳንዴም ባዶውን ሰውነት ውስጥ ይገባና የታካሚው የራሱ ሴሎች መጥተው ይሞሉታል። ሴሎቹ የራሳቸውን ኮላጅን (ሥጋን አያይዞ የሚይዘውን ፕሮቲን) እያመረቱ ሲሄዱ ስካፎልዱ ቀስ እያለ ይሟሟል። ሁሉም ከተሳካ በመጨረሻ የሚቀረው የሰውየው ሥጋ ብቻ ነው።

ጀርባው ላይ የሰው ጆሮ የበቀለ የሚመስል አይጥ ፎቶ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሥራው በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ብዙ ሰው የሰው ጂን የገባበት አይጥ ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። በጆሮ ቅርጽ የተሠራ ስካፎልድ ላይ የከብት ልም አጥንት ሴሎች ተዘርተው ከአይጡ ቆዳ ሥር ተቀበሩ። በቃ ይኸው ነው። ስካፎልዱ የተሠራውም ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከሚባል ፕላስቲክ ነበር።

ይህ ፕላስቲክ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተሰፋ በኋላ ማውጣት የማያስፈልገው፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሟሟ ክር የምንለው የስፌት ክር አንዱ ዓይነት ከእሱ ነው የሚሠራው። ሌሎቹ ፖሊላክቲክ አሲድ፣ የሁለቱ ድብልቅ የሆነው ፒኤልጂኤ፣ እና ፒሲኤል ተብሎ የሚጠራው ፖሊካፕሮላክቶን ናቸው። ፒሲኤል 60 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ለመቅረጽ ቀላል ነው። ሰውነት ውስጥ ለመሟሟት ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ፒኤልጂኤ እንደ ድብልቁ መጠን በሳምንታት ወይም በወራት ያልቃል። አራቱም ፖሊስተሮች ናቸው። ከመጋረጃና ከሸሚዝ ፖሊስተር ጋር በኬሚስትሪ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። የሚለያቸው የልብሱ ፖሊስተር ሰውነት ውስጥ የማይሟሟ መሆኑ ነው።

ታዲያ ችግራቸው ምንድን ነው? ውሃ አይወዱም። ከቀጫጭን የፒሲኤል ክሮች የተሠራ ንጣፍ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ብታስቀምጡ አይሰርግም። ክብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን መለካት ይቻላል። ከ90 ዲግሪ ካለፈ ገጹ ውሃ ይሸሻል ይባላል። ያልታከመ የፒሲኤል ክር ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ120 ዲግሪ በላይ ያሳያል። ሴሎች የሚኖሩት ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው። ምግባቸውም፣ ኦክስጅናቸውም፣ ራሳቸውም የሚመጡት በውሃ ነው። ውሃው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ካልገባ ሴሎቹ ላይ ላዩን ይቀራሉ፤ የስካፎልዱ መሐል ባዶ ይሆናል።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ዋናው ነገር የሚፈጸመው ሴሉ ከመድረሱ በፊት ነው። አንድ ነገር ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ገጹን የሚሸፍኑት ፕሮቲኖች ናቸው። ይህ የሚሆነው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ሴሎች የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ ሲደርሱም ፕላስቲኩን አያገኙትም። በበዓል ቀን ቤታችሁ የመጣ እንግዳ የሚረግጠው ወለሉን ሳይሆን የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ነው። ለሴሉም ፕሮቲኖቹ እንደዚያ ናቸው። የፕላስቲኩ ገጽ ሥራው የትኛው ፕሮቲን እንደሚነጠፍና እንዴት ሆኖ እንደሚነጠፍ መወሰን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና። በደማችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን አልቡሚን ነው። ብዙ ስለሆነና ትንሽም ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል። ሴሎች ግን አልቡሚንን መያዝ አይችሉም። የሚይዙት ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን የመሳሰሉትን ነው። እነዚህ ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ከአልቡሚን ኋላ ይመጣሉ። ገጹ ከፈቀደላቸው ቀድሞ የተቀመጠውን ገፍተው ቦታውን ይወስዳሉ። ውሃ በጣም የሚሸሽ ገጽ ላይ ግን አልቡሚን ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ፋይብሮኔክቲን ቢደርስ እንኳ ቅርጹ ይበላሻል፤ ሴሉ የሚይዘው ክፍል ይደበቃል።

በተቃራኒው ውሃ ከልክ በላይ የሚወድ ገጽ ላይ ፕሮቲን ራሱ አይጣበቅም። ውሃው አጥብቆ ስለያዘው ለማንም ቦታ አይለቅም። ስለዚህ "ውሃ እስከወደደ ድረስ ጥሩ ነው" የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ለብዙ ዓይነት ሴሎች የሚመቸው መካከለኛው ነው፤ የጠብታው ማዕዘን ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሲሆን ማለት ነው። የምርምር ጽሑፍ ስታነቡ "ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ወረደ" የሚል ውጤት እንደ ድል ተጽፎ ብታገኙ፣ ሴሎቹስ ምን ሆኑ ብላችሁ ጠይቁ።

ሴሉ ፋይብሮኔክቲንን የሚይዘው ኢንቴግሪን በሚባሉ ከገላው በሚወጡ ፕሮቲኖች ነው። ፋይብሮኔክቲን ግዙፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለቱ ከ2000 በላይ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) አሉት። ፒየርሽባከርና ሩኦስላህቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት ግን ለመያዝ የሚያስፈልገው ዋና ቁልፍ ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ናቸው፤ አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ። አርጂዲ ይባላሉ። እነዚህን ሦስቱን በፋብሪካ ሠርቶ ፕላስቲክ ላይ ማሰር ከተቻለ ሙሉው ፋይብሮኔክቲን ባይኖርም ሴሉ ይይዛቸዋል። መራራቃቸውም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሙከራ በቁልፎቹ መካከል ያለው ርቀት 58 ናኖሜትር ሲሆን ሴሎች በደንብ እንደሚጣበቁ፣ 73 ናኖሜትር ሲሆን ግን መጣበቃቸው በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የ15 ናኖሜትር ልዩነት ነው እንግዲህ። እኔን ይህ ነገር ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንሂድ፤ የገጹን ሕክምና ማለቴ ነው። ባሕር ዳርም የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒኩ ተከፈተ፤ ጨርቃ ጨርቅም ከሚሰጡት ሙያዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ማቅለሚያ ክፍል የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ውሃ የማይጠጣ ጨርቅ ቀለም አይጠጣም። ከማሳ የመጣ ጥጥ ሰም አለው። ውሃ ላይ ብትጥሉት ቶሎ አይርስም። ለዚህ ነው ከመቅለሙ በፊት በኮስቲክ ሶዳ የሚቀቀለው። ሰሙ ሲለቅ ጥጡ ይረጥባል፤ ቀለሙንም ይቀበላል።

ፖሊስተር ላይ ኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። እዚያ የሚወጣ ሰም የለም። ሶዳው ክሩ የተሠራበትን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት (ፖሊመር የሚባለውን) ከላይ ከላይ ይቆርጠዋል። ጨርቁ ክብደቱ ይቀንሳል፤ እንደ ሐር ይለሰልሳል፤ ውሃም ይቀበላል። ይህ በፋብሪካ የታወቀ አሠራር ነው። ስካፎልድ ላይ የሚደረገው ኬሚስትሪ ከዚህ አይለይም። ፒሲኤልም ፖሊስተር ነው። ሰንሰለቱ በተቆረጠበት ቦታ በአንዱ ጫፍ ካርቦክሲል፣ በሌላው ጫፍ ሃይድሮክሲል የሚባሉ የአቶሞች ቡድኖች ይቀራሉ። ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ። ካርቦክሲሉ በተጨማሪ ፕሮቲን ማሰሪያ ይሆናል። መሣሪያ አይፈልግም። ብርጭቆ፣ ሶዳ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ሰዓት፣ ብዙ የማጠቢያ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሰዓቱን ግን አደራ። ፒሲኤል ሶዳ ውስጥ ሰዓታት ይችላል። ፒኤልጂኤ ግን ቶሎ ይበላል። ከቆየ ክሩ ይሳሳል፤ ከዚያ ይበጠሳል። ገጹን እናክም ብለን ዕቃውን እንዳንጨርሰው የጥንካሬ መለኪያ ከጠብታ መለኪያው ጋር አብሮ መሠራት አለበት። የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች ይህን ሚዛን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሌላው መንገድ ሁለት አሚን (ናይትሮጅን ያለው የአቶሞች ቡድን) ያለው ኬሚካል መጠቀም ነው። ሄክሳሜቲሊንዳያሚን የሚባለው በብዛት ይሠራበታል። አንዱ ጫፉ ሰንሰለቱን ቆርጦ ይያያዛል፤ ሌላው ጫፉ ነፃ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ነፃ ጫፍ ላይ ኮላጅን ወይም ከኮላጅን የሚወጣው ጄላቲን ይታሰራል። ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ግሉታራልዴሃይድ ነው። ግሉታራልዴሃይድ ለሴል መርዝ ስለሆነ ቅሪቱ በደንብ ካልታጠበ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ስለዚህ ብዙዎች የዋህ የሆነውን የካርቦዳይኢማይድ ዘዴ ይመርጣሉ፤ እኔም ምርጫው ትክክል ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ፕላዝማ ነው። የደም ፕላዝማ እንዳይመስላችሁ። አነስተኛ ግፊት ባለበት ክፍል ውስጥ ኦክስጅን፣ አርጎን ወይም አሞኒያ ይገባና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ጋዙ ያበራል። በውስጡ ያሉት በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ገጹን እየመቱ ሰንሰለቶችን ይከፍታሉ፤ ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ያላቸው ቡድኖችም እዚያ ይተከላሉ። ጊዜው በደቂቃ፣ አንዳንዴም በሰከንድ ይቆጠራል። ፈሳሽ የለም፤ መታጠብ የለም። የሚነካው ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ክሩ ጥንካሬውን አያጣም። ዘዴው አዲስ አይደለም። የላስቲክ ማሸጊያ ላይ ጽሑፍ እንዲይዝ የሚደረገው የኮሮና ሕክምና (ከበሽታው ጋር አይገናኝም) የዚሁ ቤተሰብ ነው። በላቦራቶሪ ሴል የሚራባበት የፖሊስታይሪን ሳህንም ፋብሪካ ውስጥ በዚህ መንገድ ባይታከም ኖሮ ሴል አይዝም ነበር።

አራተኛውን የወሰዱት ከባሕር ፍጥረት ነው። ሙሰል የሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳ ማዕበል እየመታው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። የሚያጣብቀው ፕሮቲን ውስጥ ካለው ኬሚስትሪ በመነሳት የተመራማሪው ሜሰርስሚዝ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ቀላል ዘዴ አወጣ። ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል ፒኤች 8.5 በሆነ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዕቃው ይነከራል። ዕቃው ምንም ይሁን ምን፣ ቡናማ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ከ24 ሰዓት በኋላ ሽፋኑ እስከ 50 ናኖሜትር ይደርሳል። ከዚያ በላዩ ላይ የፈለጉትን ፕሮቲን ማሰር ይቻላል። ዶፓሚኑ ዋጋ አለው እንጂ አሠራሩ ለተማሪም ይቻላል።

ለአጥንት ደግሞ ፕሮቲን ብቻ አይበቃም። የታከመውን ስካፎልድ የደማችንን ጨዋማነት በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ ማቆየት ነው። የጃፓኑ ተመራማሪ ኮኩቦ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቀው ፈሳሽ በሰፊው ይሠራበታል። ካርቦክሲሎቹ ካልሲየም ይስባሉ፤ ካልሲየሙ ፎስፌት ይስባል፤ ቀስ በቀስ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ንብርብር ይበቅላል።

ሁሉም ቦታ ላይ ግን ሴል መሳብ አይፈለግም። የደም ሥር ስካፎልድን አስቡ። ውስጡ ላይ የሚፈለገው የደም ሥርን የሚያለብሰው ሴል ብቻ ነው። ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች) መጥተው ቢጣበቁ ደም ይረጋል፤ ሥሩ ይዘጋል። ቅድም ያመሰገንናቸው ሦስቱ አሚኖ አሲዶች እዚህ ላይ ችግር ናቸው፤ ፕላትሌቶችም ይይዟቸዋልና። ስለዚህ አርኢዲቪ የሚባል ሌላ አራት አሚኖ አሲድ ያለው ቁልፍ ይመረጣል፤ እሱን የደም ሥር ሴሎች ሲይዙት ፕላትሌቶች ግን አይዙትም። ወይም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ገጹ ላይ ይታሰራል።

ባክቴሪያም አለ። ግሪስቲና የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ጉዳዩን እንደ ሩጫ አድርገው ገልጸውታል። አዲስ ገጽ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሴልና ባክቴሪያ ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል። ቁስል ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስም ፋይብሮኔክቲንን የሚይዝበት የራሱ መንገድ አለው። ለሴል ያሳመርነው ገጽ ለእሱም ሊመች ይችላል ማለት ነው። በቃጠሎ ቁስል ላይ ይህን መርሳት ሕይወት ያስከፍላል።

ስለ ኮላጅን ካነሳን አይቀር ወደ ጣና ዳር እንውረድ። በገበያ ላይ ያለው ኮላጅን በብዛት ከከብትና ከአሳማ ይመጣል። የአሳማው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ታካሚያችን እንደማይመች ግልጽ ነው። እዚህ ዓሣ አስጋሪዎች ቀረሶውን ገፈው ሥጋውን ሲሸጡ ቆዳና ቅርፊቱ ይጣላል። ቀረሶ የምንለው የናይል ቲላፒያ ነው። ቆዳው በኮላጅን የበለጸገ ነው። የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ፣ ለምሳሌ የኮድ፣ ኮላጅን 15 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ያጣል። የቲላፒያ ግን ሞቅ ያለ ውሃ ስለለመደ ከ30 ዲግሪ በላይ ይችላል። የሰው ሰውነት 37 ስለሆነ አሁንም ማጠናከሪያ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ቢሆንም መነሻው የተሻለ ነው። ፒሲኤል ላይ ከተሠራ አሚን ጋር የቲላፒያ ጄላቲን ማሰር የሚቻል ሥራ ነው።

ብራዚል ውስጥ፣ ፎርታሌዛ ከተማ፣ ጀርሙ ተወግዶ የታከመ የቲላፒያ ቆዳ በቃጠሎ ላይ እንደ ፋሻ ሲሞከር ቆይቷል። ያ ቆዳ በመድኃኒት ታጥቦ፣ ግሊሰሪን ውስጥ ቆይቶ፣ በጨረር ጀርሙ ተገድሎ ነው ቁስል ላይ የሚያርፈው። እባካችሁ ይህን ያነበበ ሰው ጥሬ የዓሣ ቆዳ ቤት ውስጥ ቃጠሎ ላይ እንዳያደርግ። ቃጠሎ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አሁን ሦስት ከባድ ነገሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ማከም ቀላል ነው። ወፍራም ስፖንጅ ግን ሌላ ነው። የፕላዝማው ቅንጣቶች ጠማማ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲገቡ ግድግዳ እየመቱ ኃይላቸውን ይጨርሳሉ። ላዩ ታክሞ መሐሉ እንደነበረ ይቀራል። ሶዳም ቢሆን ውሃ የማይቀበል ቀዳዳ ውስጥ ራሱ አይገባም። ለዚህ ስካፎልዱ መጀመሪያ አልኮል ይነከራል፤ ወይም በቫክዩም አየሩ ይወጣና ፈሳሹ እንዲገባ ይደረጋል።

ሁለተኛው ማጣራት ነው። የገጽን ኬሚስትሪ በትክክል የሚያሳዩት መሣሪያዎች በጣም ውድ ናቸው። ግን ያለ እነሱም ብዙ ርቀት መሄድ ይቻላል። አንድ ጠብታ ውሃ በመርፌ አስቀምጡ፤ ከጎን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንሱ፤ ማዕዘኑን በነፃ የፎቶ መለኪያ ፕሮግራም ለኩ። ጠብታው ትንሽ ይሁን፤ በበጋው ደረቅ አየር ቶሎ ስለሚተን በፍጥነት አንሱት። ካርቦክሲል መኖሩን ለማወቅ ቶሉዲን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም አለ። ካርቦክሲል ላይ ይይዛል፤ የቀረው ይታጠባል። የያዘውን በአሴቲክ አሲድ አስለቅቆ መለካት ይቻላል። አሚን ከሆነ የተተከለው ኒንሃይድሪን ወይንጠጅ ያደርገዋል። ስካፎልዱን በምላጭ ለሁለት ከፍላችሁ ብታቀልሙት ደግሞ ሕክምናው የት ድረስ እንደገባ በዓይን ይታያል። መሐሉ ነጭ ከሆነ አልደረሰም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። በፕላዝማ የታከመ ገጽ እንደታከመ አይቆይም። የፖሊመር ሰንሰለቶች ይንቀሳቀሳሉ። ውሃ የሚወዱት ቡድኖች ደረቅ አየር ሲያገኙ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ውሃ የሚሸሸው ክፍል ተመልሶ ላይ ይወጣል። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ገጹ ወደ ድሮው ይጠጋል። ሙቀት ያፋጥነዋል። ጀርም መግደያውም ነገር ያበላሻል፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ፒሲኤልን ማጽዳት አይቻልም፣ ይቀልጣል። በጋዝ ወይም በጨረር ነው የሚጸዳው። ያም ገጹን ሊለውጠው ስለሚችል የጠብታ መለኪያው ከጸዳ በኋላ መደገም አለበት።

ከዚህ የማወጣው ሐሳብ አንድ ነው። ፖሊመሩ ከውጭ ቢገዛ ችግር የለም፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል። ክሩም ሌላ ቦታ ተፈትሎ ሊመጣ ይችላል። የታከመ ገጽ ግን መርከብ ላይ፣ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ወራት አይጠብቅም። የመጨረሻው እርምጃ፣ ማለትም ገጹን ማከም፣ ፕሮቲኑን ማሰር፣ ማጣራትና ማጽዳት፣ ከታካሚው ብዙም ባልራቀ ቦታ መሠራት አለበት። ባሕር ዳር የገጽ ሙያ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ተቋምና የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ያሉባቸው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች በአንድ ከተማ ውስጥ አሏት። ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሴል ሙከራ፣ የእንስሳ ሙከራና የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዓመታትም ይወስዳል። የመጀመሪያውን ሙከራ ለመጀመር ግን የሚያስፈልገው ትንሽ የፒሲኤል ንጣፍ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሰማያዊ ቀለምና ማቅለሚያ ክፍሉን ከቀዶ ሕክምናው ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።